ዜሮም ቁጥር ነው

ሰኞ ከመካነ ሰላም፣ በአይሱዙ ጀርባ ላይ፣
በግራዬ ማዳበሪያ፣ በቀኜ አንዲት በግ፣ በላዬ ሰማይ።
“ምን ትሠሪያለሽ?” አለ ረዳቱ፤ “ቀበሮ እቆጥራለሁ” ብለው፣
“ቀበሮ በግ ይቆጥራል እንጂ፣ እሱን የሚቆጥር ማነው?”
ሳቅን። በጓ አልሳቀችም።
ውሌ የሦስት ወር ነው፤ ከኅዳር ወዲያ መሥሪያ ቤቱ አያውቀኝም።

አረቡ ኬላው ላይ ጠበቀኝ፣ በጠብመንጃው ተደግፎ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስካውት፣ ስንት ቆጣሪ አሳልፎ።
ጫማዬን አየ፣ ድንኳኔን አየ፣ ደመናውን አየና፣
“ብርዱ ውል አያውቅም” አለኝ፣ ሻንጣዬን አነሣና።

ጫካው ስሙ ደንቆሮ ነው። ማን እንዳወጣለት እንጃ፤
ደረቅ ቅጠል ብረግጥ፣ ማዶ ሰስ ትበረግጋለች፣
የሰማች ይመስል ጠብመንጃ።

ማክሰኞ ጉም።
ቅጹ ሰዓት ይላል፣ ከፍታ ይላል፣ ፆታ ይላል፤ የምሞላው የለም።
ጅብራ ከጉሙ ብቅ ቢል፣ ሰው መስሎኝ “እንደምን ዋሉ” አልኩ፤
“ግድ የለም” አለ አረቡ፣ “እኔም አንዱን ሌባ ነው ብዬ ግማሽ ሌሊት ከበብኩ።”
ማታ ዜሮ ጻፍኩ በእርሳስ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ክቡ አልገጥም ብሎ፤
“ዜሮም ቁጥር ነው” ይላል አለቃዬ፣ ደሴ ቢሮው ውስጥ ውሎ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ግን፣ አመዳዩ ጓሳው ላይ ተኝቶ፣
አንድ ቀይ ነገር ተነሣ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ጭራውን ጎትቶ።
ቀበሮ። ከፍልፈል ጉድጓድ ላይ አንገቷን ደፍታ፣
ከባለዕዳ ደጅ እንደ ቆመ አበዳሪ፣ በዝምታ።
ዘለለች። ሳተች።
ጥቂት ራቅ ብላ እንደገና ቆመች።
ዘለለች። ያዘች።
“ታጠባለች” አለ አረቡ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፤
እኔ ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ስፈልግ ነበር፣ እርሳስ።

ሐሙስ ሁለቴ ቆጠርን፤ አምስት።
ዓምና፣ በዚሁ ሸንተረር፣ በዚሁ ወር፣ ሰባት።
“ሁለቱስ?” አልኩ። አረቡ መልስ አልሰጠኝም፤ ወደ ኋላው ዞሮ ፉጨት አሰማ፤
ከአስታው ሥር አንድ ውሻ ወጣ፣ አቧራ የለበሰ፣ ጎኑ የከሳ፣ ደስ ያለው ለፉጨቱ ጌታ።
“ቡሌ ይባላል። ከቤት ሲከተለኝ ስንቴ በድንጋይ መለስኩት፤
ያቺን ሕመም ውሻ ነው የሚያመጣው ብላችሁ፣ ያስተማራችሁኝን ሰማሁት።
ቅጽሽ ላይ ‘የቤት ውሻ’ የሚል ዓምድ አለ። ጻፊው።”
አለ። አለ ዓምዱ። እርሳሱ እጄ ላይ ነው፣ እጄ ግን የሌላ ሰው።
“ክትባት?” አልኩት በዝቅታ። “የለውም።”
“ባለቤት?”
“እስቲ አሁን ይሄ ይጠየቃል! አረቡ ሐሰን በይ፤ ስም አልለውጥም።”

ዓርብ ለጁምዓ ወረደ፤ ከሰዓት ያለ ውሻው መጣ።
“በምን አሰርከው?” ብዬ ጠየቅኩ፤ ቃሉ ቀስ እያለ ወጣ፦
“በጓሳ ገመድ።”
ጓሳ ማጨድ ክልክል ነው፤ ለሱም ዓምድ አለው፤ ከታች፣ ሦስተኛው መደብ።
ባዶውን ተውኩት።
ሌሊት ከቆላው ጩኸት መጣ፣ ረጅም፣ ማብቂያ የሌለው፤
አረቡ በጋቢው ውስጥ ተገላበጠ፤ እኔም እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ ሆንኩለት፣ ላለማየት ፊቱን፣ እሱም ፊቴን እንዳያየው።

ቅዳሜ ጭላዳ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ተላፉ፣
ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ ዞሩ፣ ገሚሶቹ ገደሉን አለፉ፤
ከአንድ ጀመርኩ። አንዱ ወንድ፣ ጎፈሩ እንደ ካባ በነፋስ ተነሥቶ፣
አየኝ፤ ሣሩን መንጨት ቀጠለ፣ ከእኔ ይልቅ ሣሩን መርጦ።

እሁድ፣ ለሁለት ቀን ዕረፍት፣ ብቻዬን ወረድኩ።
ከታጠፍኩበት ኩርባ ላይ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁ፣ ቆምኩ፤
አረቡ ነው፣ ከኬላው ራስ፣ ጣቱን ወደ እኔ ዘርግቶ፦
“አንድ! ሴት! ጎልማሳ! ብቻዋን! ወደ መንደር!” በሳቅ ተሞልቶ።
ገደሉ ደገመው። ደንቆሮ የተባለው ጫካም ደገመው፣ ቃል በቃል።
መመሪያው ግን ግልጽ ነው፤ በተደጋጋሚ የተቆጠረ
አንዴ ብቻ ይያዛል።